አራት ሰው ይዘን ምን እንጨፍር?

(ጭብጨባ፤ ሦስት ሰዎች፤ ያለ ሙዚቃ፤ ለ20 ሰከንድ)

አሁን የሰማችሁት የሦስት ሰው ጭብጨባ ነው። ከበሮ የለበትም፣ ክራር የለበትም፣ የሚያዜም ሰውም የለበትም። እንዲያም ሆኖ ትከሻችሁን ነካ አድርጓችሁ ከሆነ፣ የዛሬው ዝግጅታችን የሚነሳው ከዚያው ላይ ነው።

ሰሞኑን የአንዲት መምህርት ደብዳቤ ደርሶኛል። በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባህል ክበቡን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። መስከረም ላይ 22 ልጆች ተመዝግበውላቸው ነበር። ልጆቹ አንዱ ወደ ኳስ፣ ሌላው ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት እያለ ቀርተው፣ አሁን ለልምምድ የሚመጡት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ። የወላጆች በዓል ደግሞ ደርሷል። «በአራት ልጅ ምን ዓይነት ጭፈራ ይሆናል? ልጆቹን ሰው ፊት ከማሳፍራቸው ብሰርዘው አይሻልም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል።

መምህርት፣ እባክዎ አይሰርዙት። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ልጆችን ውዝዋዜ በማሰልጠን ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ሦስት ሚዜ ብቻ ያለው ሙሽራ ይጠይቀኛል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ሆነው ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ልጆቻቸውን የሚያለማምዱ ወላጆች በስልክ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጨነቁት ስለ ቁጥሩ ነው። ጭፈራ ሲባል በሐሳባቸው የሚመጣው መድረክ የሞላ፣ አንድ ዓይነት የለበሰ፣ በሰልፍ የቆመ ሰው ነው።

እስቲ ያንን መድረክ ለጊዜው እንተወውና አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ እንግባ። ዳሱ ውስጥ መቶ ሰው አለ እንበል። አውጪዋ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው ይመታል። አሁን መሃል ገብተው እስክስታ የሚወርዱትን ቁጠሯቸው። ሁለት ናቸው። ሲበዛ አራት። የቀሩት ዘጠና ስድስቱ ምን እያደረጉ ነው? ያጨበጭባሉ፣ ይቀበላሉ፣ እልል ይላሉ፣ ጎበዙን በስሙ እየጠሩ ያሞቁታል። መሃል ያለው ሲደክመው የሚተካውም ከእነሱ መካከል ነው። በእኛ አገር ጭፈራ ውስጥ፣ ቢያንስ በብዙው፣ የሚጨፍረው ጥቂት ነው፤ የሚያስጨፍረው ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ቡድናችን ሲያንስ የጎደለን ጨፋሪ አይደለም፤ ክቡ ነው። ተቀባዩ፣ አጨብጫቢው፣ እልል የምትለዋ እናት ናት የጎደለችው። አራት ልጅ መድረክ ላይ አቁመን፣ ሙዚቃውን ከድምፅ ማጉያ ለቅቀን፣ ተመልካቹን በጨለማ ውስጥ ዝም አሰኝተን ስናስቀምጠው፣ ልጆቹ ብቸኛ ቢመስሉ አያስገርምም። ያለ ዳስ ነው ያስጨፈርናቸው።

ዳሱ ወደ መድረክ የወጣው ከብዙ ዘመን በፊት አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። በእነዚህና በመሰሎቻቸው አዳራሾች ጭፈራችን ክቡን ከፍቶ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ መቆም ለመደ። ለቴአትር ቤቶቻችን ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ብዙውን ጭፈራ ያወቅሁት ከእነሱ ነው። ነገር ግን ክቡ ሲከፈት የተቀባዩን ቦታ የሚሞላ ነገር አስፈለገ፤ የሞላውም የተወዛዋዡ ብዛትና የኦርኬስትራው ድምፅ ነው። ብዛት ያለው ሰው ይህን መንገድ ሊከተል ይችላል። አራት ሰው ያለው ግን ወደ ዳሱ ቢመለስ ይሻለዋል።

እኔ ለትንሽ ቡድን ጭፈራ ስመርጥ የምጠይቀው እንግዲህ ይህንን ነው። ጭፈራው በተወለደበት አገር መሃል የሚገባው ስንት ሰው ነው? ዙሪያውን የሚይዘውስ ማነው? መሃል የሚገባው ጥቂት ከሆነና ዙሪያውን እኔ ካለሁበት አዳራሽ ውስጥ ላገኘው የምችል ከሆነ፣ ያ ጭፈራ የእኔ ነው።

(መሰንቆ፤ ብቻውን፤ ከንግግሩ ሥር ቀስ ብሎ ይቀጥላል)

በዚህ ሚዛን እስክስታ የሚስተካከለው አላገኘሁም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሰው በአጭር በርጩማ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። አንድ መሰንቆ፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ወይም ሁለት ተወዛዋዥ። ከዚያ በላይ ቦታም የለም፣ አያስፈልግምም። ፈንድቃ የተባለውን አዝማሪ ቤት በካዛንቺስ ይዞ የኖረው ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይህን የጠባብ ቤት ጭፈራ ይዞ ነው ከአገር ውጭ ትላልቅ መድረኮች ላይ የወጣው። መድረኩ ቢሰፋም ጭፈራው አልጠፋበትም፤ ምክንያቱም እስክስታ ቦታ የሚይዘው በአካል ብዛት ሳይሆን በትከሻ ጥራት ነው። ተመልካች ዓይኑን አንድ ትከሻ ላይ ይተክላል። ሃያ ትከሻ ሲሆን እንዲያውም የቱን እንደሚያይ ይጠፋዋል።

እስክስታ ጥያቄና መልስ ነው። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ያያል፤ ከዚያ ሁለተኛው ያየውን ይዞ ትንሽ ጨምሮበት ይመልሳል። ስለዚህ ለልጆች ሳስተምር እርምጃና ቁጥር አላስቀድምም። ሁለቱን ፊት ለፊት አቆምና «እሷ ያደረገችውን አይተህ መልስላት» እላለሁ። ተመልካቹን እንዲያዩ አላደርግም፤ እርስ በርስ እንዲተያዩ ነው የማደርገው። መድረክ ላይ ጎናቸው ብቻ እንዳይታይ በሰያፍ አቆማቸዋለሁ፣ በቃ። አንድ ልጅ ጓደኛውን አይቶ ፈገግ ሲል አዳራሹ አብሮት ፈገግ ይላል።

ትንፋሹንም አትርሱት።

(ድምፅ፤ ሁለት ሰዎች በጥርስ መካከል አየር እየሳቡና እየለቀቁ፤ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ)

ይህን ሰምታችሁታል። ትከሻው ሲፈጥን ከጨፋሪው ጥርስ መካከል የሚወጣው «እስ፣ እስ» የሚለው ድምፅ ራሱ መሣሪያ ነው። ሰው በበዛበት ይዋጣል፤ ሁለት ሰው ሲሆን ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ለትንሽ ቡድን ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

እስክስታ ሁሉ አንድ አለመሆኑንም ልብ በሉ። የጎጃሙ ደረትንና ትከሻን በኃይል ያንቀጠቅጣል፤ የወሎው አንገት ላይ ለስለስ ይላል። ከአራት ልጅ ሁለቱ የአንዱን፣ ሁለቱ የሌላውን እያደረጉ ሲደባልቁት አይቻለሁ፤ ሳይለማመዱ የቀሩ አስመሰላቸው። አንዱን መርጣችሁ ከሚያውቀው ሰው ተማሩት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። እስክስታ ቁጭ ብሎም ይመታል። አያቶቻችን መደብ ላይ እንደተቀመጡ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ትከሻቸውን ሲነቀንቁ ያላየ ማነው? በቡድናችሁ ውስጥ እግሩ የማይሄድለት ልጅ ካለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ካለ፣ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ካሉ፣ እስክስታ አያስወጣቸውም። ሰው ያነሰው ቡድን ማንንም የሚተርፍ ሰው አድርጎ ማየት የለበትም።

እስክስታ አካል ውስጥ ተይዞ የሚሄድ ጭፈራ በመሆኑ ሩቅም ተጉዟል። በእስራኤል ሩት እሼል የተባለች የውዝዋዜ ባለሙያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከቤተ እስራኤል ተማሪዎች ጋር አንድ ቡድን አቋቁማ ነበር። የቡድኑ ስም ራሱ «እስክስታ» ነበር። ልጆቹ ከአገራቸው ሲወጡ ከበሮውን ትተውት ሊሆን ይችላል፤ ትከሻቸው ግን አብሯቸው ሄዷል።

(መሰንቆው ያበቃል)

ሁለተኛ የምወደው የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ ነው። ወጣት ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ። እንቅስቃሴው ራስና አንገት ላይ ነው፤ እግር ጊዜውን ይጠብቃል። የሚያጫውታቸው የገዛ ድምፃቸው ነው። ሁለት ጥንድ ከሆናችሁ ሸጎዬ ይቻላል፤ አንድ ጥንድም ቢሆን ያምርበታል። ለልጆች ግን የራስና የአንገቱን እንቅስቃሴ ቀስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ቀን ላይ ቢያጣድፉት ያዞራቸዋል።

በሸጎዬ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሃምሳ ሰው አብሮ ሲያዜም ቃሉን ያላወቀው አፉን እያንቀሳቀሰ ሊያልፍ ይችላል። አራት ሰው ሲሆን እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ስለዚህ ቋንቋው የእናንተ ካልሆነ፣ ከሚናገረው ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ቃሉንም ትርጉሙንም ተማሩ። ልጁ ምን እያለ እንደሆነ ሲያውቅ ፊቱ ይለወጣል። ይህ ለአፋርኛውም፣ ለሶማልኛውም፣ ለሌላውም ያው ነው።

ወደ እግር ስንመጣ ጉራጌ አለ። በመስቀል ሰሞን በሶዶ ክስታኔ አዳብና ሲደራ ያየ ሰው ያንን ፍጥነት አይረሳውም። እግሩ ከመሬት ሳይነሳ የተነሳ ይመስላል፤ እጁ እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ ጭብጨባው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለጥቂት ሰው ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ አራት ልጅ እኩል እግር ሲጥል ከአርባ ልጅ በላይ ይማርካል። ግን ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል። አንደኛው ጉልበት ነው፤ ብዙ ሰው ሲሆን አንዱ ሲደክመው ሌላው ይሸፍነዋል፤ አራት ሲሆኑ መደበቂያ የለም። ሁለተኛው ወለሉ ነው። ምንጣፍ የእግርን ድምፅ ይበላዋል። ጣውላ፣ ሲሚንቶ ወይም መሬት ፈልጉ። ውጭ አገር ፎቅ ላይ የምትለማመዱ ደግሞ ከሥራችሁ ያለውን ጎረቤት አስቡት፤ እዚያ ትከሻ ይሻላችኋል። ሦስተኛው ጭብጨባውን የሚይዝ ሰው ነው፤ እግሩም ጭብጨባውም በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ አንዱ ይላላል።

የሃንጋሪው ተመራማሪ ቲቦር ቫዳሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ላይ ስለ አገራችን ጭፈራ ተከታታይ ጽሑፎች አውጥቶ ነበር። አንዱን ክፍል የሰጠው ለትግራይና ለጉራጌ ጭፈራ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት የዛሬውን ጉዳያችንን ያበራልናል። የጉራጌው አካል ላይ ያተኩራል፤ ሰው ቢቀንስም እግሩ እዚያው ነው። የትግራዩ ጓይላ ግን ክቡ ራሱ ነው ጭፈራው።

(ከበሮ፤ የጓይላ ምት፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ሲደረብ)

ጓይላ ላይ ሰዎች ተከታትለው ይዞራሉ፤ ከበሮ መቺዎች መሃል ናቸው። ከበሮው ሲደረብ፣ አሁን እንደሰማችሁት፣ ዙሩ ይቆምና ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። የዙሩ ረጋ ማለት ነው የመግጠሙን ሙቀት የሚያመጣው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አምስት ልጆችን ጓይላ አስተምሬ መድረክ ላይ አውጥቼ ነበር። ሙዚቃው በካሴት ነበር። ልጆቹ እርምጃውን አሳምረው ይዘውታል። ሆኖም አምስት ልጅ ሰፊ መድረክ ላይ ክብ ሲሠራ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ክፍተት ከልጆቹ በለጠ። ተመልካቹ የሚያየው ጀርባቸውን ነው፤ የሚሮጡ እንጂ የሚዞሩ አልመሰሉም። አዳራሹ ዝም አለ። ሲወርዱ አንዷ ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «መምህር፣ ምን አጠፋን?» አለችኝ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። የመቶ ሰው ጭፈራ አንስቼ ለአምስት ልጅ አሸክሜያቸው ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ይህን ዝግጅት እንዳሰናዳ ያደረገኝም እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ልጆች ይዘን ጓይላውን ደገምነው፤ መድረክ ላይ ግን አልወጣንም። ሁለቱ ከበሮ ይዘው አዳራሹ መሃል ቆሙ። ሦስቱ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እናትና አባቶቻቸውን እጃቸውን ይዘው አስነሱ። ክቡ በእነሱ ተጀምሮ አዳራሹን ሞላ። ስለዚህ ጓይላን ለጥቂት ሰው አትምረጡ አልልም፤ የምትመርጡት ግን ለማሳየት ሳይሆን ለመጋበዝ መሆኑን እወቁት።

ጨርሶ የማልመርጣቸውም አሉ። የሲዳማ ቄጣላ በፍቼ ጨምበላላ ሽማግሌዎች ፊት ቀድመው፣ ሕዝቡ ተከትሎ የሚታየው ሰፊ ሥርዓት ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ያንን አራት ልጅ ጦርና ጋሻ አስይዞ መድረክ ላይ ማሳየት ለቄጣላም ለልጆቹም አይገባም። የደራሼን ፊላ ውሰዱ፤ እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የራሱን ድምፅ ነው፣ ዜማው የሚፈጠረው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲገቡበት ነው። ነፊ በቀነሰ ቁጥር ከዜማው ውስጥ ድምፅ ይጎድላል። የዶርዜም ዘፈን እንዲሁ፤ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደራረበ የሚቆም ስለሆነ ሰው ሲያንስ ይፈርሳል። ዝማሜና ወረብ በጥቂት ሊቃውንትም ይከናወናል፤ ግን ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ምስጋና ነው። ጥቂት ሰው ይበቃዋል ብዬ ለመዝናኛ መድረክ አላወጣውም።

አሁን ደግሞ ብዙ አሰልጣኞች ወደሚረሱት ልምጣ። ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቁት አለ። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13 ዋዜማ ላይ፣ በየበሩ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ስንት ናቸው? አምስት፣ ስድስት ልጆች። ዱላቸው ከበሯቸው ነው፤ መሬቱን ሲደበድቡት ምቱን ይሰጣቸዋል። አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆችም እንደዚያው ጥቂት ናቸው። በነሐሴ አጋማሽ ለፍልሰታ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እያሉ የሚወጡት ልጃገረዶችም አንዷ ከበሮ ይዛ፣ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ከቤት ቤት ይሄዳሉ።

እነዚህ ከመጀመሪያውም የትንሽ ቡድን ጭፈራዎች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሰው በር የሚገባ ቡድን ትልቅ ሊሆን አይችልም። ቁጥራቸውን የወሰነው በሩ ነው። አውጪ፣ ተቀባይ፣ ምት፣ ጭፈራ፤ ሁሉም በአምስት ልጅ ውስጥ ተሟልቶ አለ፤ ዙሪያውን የሚይዘው ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው። መድረክ ላይ ስታወጧቸው ከመጋረጃ ጀርባ አታስወጧቸው። በአዳራሹ በር፣ በሕዝቡ መካከል፣ ከቤት ቤት እንደሚሄዱ ሆነው ይግቡ።

አንድ ሰው ብቻ ከሆናችሁስ? አንድም ሰው ይበቃል። ፉከራና ሽለላ የአንድ ሰው ናቸው፤ ዱላውን ይዞ ወዲያና ወዲህ እያለ ሜዳውን የሚሞላው አንዱ ፎካሪ ነው። ብርቱ ድምፅና የራሱ ቃል ያለው ጎልማሳ ይፈልጋል፤ ልጅ ላይ ግን አልጭነውም።

የምሞግተው አንድ ልማድ አለ። አራት ልጆች በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ ልብስ እየቀየሩ የሰባት ብሔረሰብ ጭፈራ የሚያሳዩበት ዝግጅት። አሳቡ ጥሩ ነው፤ ሁሉንም ማክበር ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ልምምዱ የልብስ መቀየር ልምምድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጭፈራ ሳይሞቅ ያልቃል፤ ልጆቹ የሁሉንም ቅርፊት ይይዙና የአንዱንም ፍሬ አይቀምሱም። አንድ ጭፈራ ይያዙ፤ ቢበዛ ሁለት። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይኖራል።

ስለ ትንፋሽ ደግሞ። ትንሽ ቡድን አራት ደቂቃ ሙሉ ጉልበቱን ቢያወጣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይጎለብታል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ይወድቃል። ዘፈኖቻችን መፍትሔውን ይዘውታል። አውጪው ግጥሙን ሲያወጣ እግር ቀለል ብሎ ይርገጥ፤ አዝማቹ ሲመጣ ትከሻው ይውረድ። የግጥሙ ጊዜ ማረፊያ ነው። ሙዚቃው ከስልክ ወይም ከካሴት ከሆነ ደግሞ ክራር ወይም መሰንቆ ብቻ ያለበትን ምረጡ፤ የታጨቀ የኪቦርድ ድምፅ ሦስት ሰውን ያሰምጣቸዋል።

ቁጥራችሁ ጎደሎ ከሆነ፣ ሦስት ወይም አምስት ከሆናችሁ፣ የተረፈውን አታቁሙት፤ ከበሮውን ወይም ዘፈኑን ስጡት። ሁለቱ ሲገጥሙ ሦስተኛው ያጫውታል፤ በየአዝማቹ ይቀያየራሉ። ሰው በቀነሰ መጠን ሁሉም ሁሉንም መቻል አለበት፤ የትንሽ ቡድን ልጆች ቶሎ የሚበስሉትም በዚህ ነው።

አሁን እጃችሁን አዘጋጁልኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ካላችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንደኛው እንዲህ ያጨብጭብ።

(ጭብጨባ፤ አንድ ሰው፤ እኩል እኩል)

ይህን «ቀጥታ» እንበለው። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ሁለተኛው ደግሞ በሁለቱ ጭብጨባ መካከል ባለው ክፍተት ይግባ፤ ከቀጥታው ጋር አይግጠም፣ ቀድሞትም አይሂድ።

(ጭብጨባ፤ ሁለት ሰዎች፤ አንዱ ቀጥታውን፣ ሌላው የመሃሉን)

ሰማችሁ? ሁለት ሰው ሳለ አራት መሰለ። የመሃሉን የያዘው መጀመሪያ ላይ ወደ ቀጥታው ይሳባል፤ የተለመደ ነው። ዓይኑን ከጓደኛው እጅ ላይ ያንሳና በጆሮው ይከተል። ልጆች ይህን በሁለት ሦስት ቀን ይይዙታል። ከዚያ ወዲህ ከበሮ ባይኖራችሁም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ነው ያሉኝ። ልጁን በሦስት ሴቶች መካከል እንደ ሙሽራ አያቁሙት፤ ያፍራል። ከበሮውን ይስጡት። ከሴቶቹ አንዷ፣ ድምፅ ያላት፣ ታውጣ። ሁለቱ እስክስታውን ይግጠሙ። በየአዝማቹ አውጪዋ ከአንደኛዋ ጋር ትለዋወጥ፤ ወንዱም በመጨረሻው ዙር ከበሮውን ለአንዷ አስረክቦ ይግባ። ከመድረኩ ይልቅ ወለሉን ይምረጡ፤ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ያስደርድሩ፤ የፊቱን ረድፍ ለእናቶች ይስጡ። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት እርስዎ ሁለት ደቂቃ ወስደው ወላጆቹን ጭብጨባውን ያስተምሯቸው፤ የቀኙ ረድፍ ቀጥታውን፣ የግራው ረድፍ የመሃሉን። ልጆቹ በኋላ በር እያዜሙ ሲገቡ ክቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። የተመዘገቡትና የቀሩት 18 ልጆችም አዳራሹ ውስጥ ካሉ፣ ከእናቶቹ ጋር ያስቀምጧቸው።

ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ሦስቱ አጨብጫቢዎች አሁን እንደገና ይጀምራሉ። ሁለቱ ቀጥታውን ይዘዋል፤ የመሃሉን የያዘው አንዱ ብቻውን ነው። እናንተ ከእሱ ጋር ግቡ።

(ጭብጨባ፤ ሦስት ሰዎች፤ እስከ ሰዓቱ መጨረሻ)